ኮሌስትሮሌ ወርዷል፤ ክኒኑን ብተወውስ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው የ47 ዓመት ሰው ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የጤና ምርመራ ተደርጎልን ኮሌስትሮል አለብህ ተባልኩ። ጠቅላላው 262፣ ኤልዲኤል 171፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 265 ነው። ግፊቴም 148 በ92 ነበር። ስኳር የለብኝም። ቀጭን ነኝ፤ ሲጋራ አላጨስም፤ ጾም አላጎድልም። ቅዳሜና እሁድ ግን ከጓደኞቼ ጋር አረቄ እንቀማምሳለን። አባቴ በ51 ዓመቱ ነው ድንገት የሞተው። ሰኔ ላይ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ አቶርቫስታቲን 20 ታዘዘልኝ። ሁለት ወር ወሰድኩ። ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ስመረመር ጠቅላላው 198፣ ኤልዲኤል 120፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 190 ሆኖ አገኘሁት። ወረደልኝ ብዬ ክኒኑን አቆምኩ። አጎቴም ‹ጉበት ይጨርሳል፤ አንዴ ከለመድከው ደግሞ አይለቅህም› አለኝ። አሁን ተልባ እየጠጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ እየወሰድኩ ነው። ልክ ነኝ?»

ልክ አይደሉም። 198 የመጣው ክኒኑን እየወሰዱ ስለነበር ነው እንጂ ስለዳኑ አይደለም። ጋቢ ለብሰው ስለሞቀዎት የደብረ ብርሃን ብርድ ለቀቀ ማለት አይደለም። ጋቢውን ሲያወልቁ ብርዱ እዚያው ይጠብቅዎታል። ስታቲን (አቶርቫስታቲን ያለበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ወገን) ሲቆምም ኮሌስትሮሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ዛሬ ቢመረመሩ ያንን 198 የሚያገኙት አይመስለኝም።

ደግሞ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ራሱ ያሳስታል። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረጉት መቼ ነበር? የ55 ቀን ጾም ተፈትቶ፣ ዶሮው፣ በጉ፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ መጠጡም ሳይቀር ለአንድ ሳምንት ያህል ከተዘወተረ በኋላ ነው። ሁለተኛውስ? በፍልሰታ፣ ከሥጋና ከቅቤ ርቀው በከረሙበት ሰሞን ነው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። አረቄና ጮማ ከተገናኙ ደግሞ ወዲያው ይተኮሳል። የደም ቧንቧ ውስጥ የሚጠራቀመው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ዘገም ይላል እንጂ እሱም በሁለትና ሦስት ሳምንት የአመጋገብ ለውጥ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ 262 የዓመቱ ከፍታ፣ 198 ደግሞ የዓመቱ ዝቅታ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ቁጥር በሁለቱ መሃል አለ።

ይህን እኛ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ካርዱ ላይ ቀኑ ይጻፋል፤ ጾም ይሁን ፍስክ ግን አይጻፍም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሰው ማዕድ በጾምና በፍስክ መሃል ፍጹም ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ «ጾም» ወይም «ፍስክ» ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉበት። የጾምን ከጾም፣ የፍስክን ከፍስክ አወዳድሩ። በዓመት አንዴ ብቻ ለሚመረመር ሰው እኔ የምመርጥለት ጊዜ ጥር ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ። ያን ጊዜ ሰው የሚበላው የዘወትር ምግቡን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። ኤልዲኤልዎ ከ171 ወደ 120 ወርዷል። ይህ 30 በመቶ ነው። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም በትክክል ከተወሰደ ብቻውን ወደ 40 በመቶ ያወርዳል ተብሎ ይጠበቃል። ጾሙ ሲታከልበት ከዚያም ማለፍ ነበረበት። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ቢሆንም ልጠይቅዎ፦ በየቀኑ ውጠውታል? ብዙ ሰው ክኒን የጠዋት ነገር ይመስለዋል። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ይዘለዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። አቶርቫስታቲን ሰዓት አይመርጥም። ምግብም አይፈልግም። ማታ ከእራት በኋላ፣ ወይም ልክ ሊተኙ ሲሉ ቢወስዱት ከጾምም ከቅዳሴም ጋር አይጋጭም። ሲምቫስታቲን የታዘዘላችሁ ሰዎች ግን እናንተ ማታ ብቻ ነው የምትወስዱት። እሱ አጭር ጊዜ ነው የሚሠራው፤ ጉበት ደግሞ ኮሌስትሮልን በብዛት የሚያመርተው ሌሊት ነው።

«ቀጭን ነኝ» ማለትዎም አያድንም። ደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከማዕድ የመጣ አይደለም። ጉበት ራሱ የሚሠራው ነው። ምን ያህል እንደሚሠራና ምን ያህሉን ከደም መልሶ እንደሚሰበስብ የሚወስነው በአብዛኛው ዘር ነው። ዘንግ የመሰለ ሰው 280 ሲኖረው፣ ወፍራሙ ጎረቤቱ 170 ሆኖ አይቻለሁ።

ምልክት መጠበቅም እንዲሁ ዋጋ የለውም። «ዛሬ ራሴን አዞረኝ፣ ኮሌስትሮሌ ተነሳ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ኮሌስትሮል አያዞርም። ራስ ምታትም፣ የእጅ መደንዘዝም አያመጣም። «ደሜ ወፍሯል» የሚባለውም ሌላ ጉዳይ ነው። ኮሌስትሮል ደምን አያወፍርም፤ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ለዓመታት ይጠራቀማል። አንድ ቀን ያ የተጠራቀመው ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ይረጋበታል። ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ስትሮክ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ «ደም ማቅጠኛ ነው» እየተባለ አስፒሪን በራስ ፈቃድ መዋጥ ይቅር። አስፒሪን ኮሌስትሮልን አያወርድም፤ ጨጓራን ግን ሊያደማ ይችላል።

ሕክምናው የሚወሰነው በአንድ ቁጥር አይደለም። በአጠቃላይ አደጋው ነው። 240 ያለው ክኒን የማያስፈልገው ሰው አለ። 180 ያለው በግድ የሚያስፈልገውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው ሰንጠረዥ ለዚህ ነው የተሠራው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ግፊት፣ ስኳርና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ይገቡበታል። በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የመምጣቱን ዕድል በመቶኛ ያወጣል። ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ገጽ አለው። ከ40 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው ይሠራል። ላብራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ በክብደትና በቁመት የሚሰላ ቅጂም አለ። ሐኪምዎን «በሰንጠረዡ ስንት መቶኛ ወጣልኝ?» ብለው ይጠይቁ። መብትዎ ነው።

ሰንጠረዡ ግን የማያየው ነገር አለ። የአባትዎን በ51 ዓመት መሞት አይጠይቅም። ወንድ የቅርብ ዘመድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ሴት ደግሞ ከ65 በፊት በልብ ሕመም ከሄዱ እንደ ተጨማሪ አደጋ ይቆጠራል። አባትዎ በምን እንደሞቱ አልነገሩኝም፤ ምናልባት ያኔ ያወቀም የለም። ድንገት ከሆነ ግን ልብ መሆኑን መጠርጠር አለብን። ጥሩው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤልዎም ከ40 በታች ነበር። ትራይግሊሰራይድዎ ከ150 በላይ ነው። ግፊትዎ ከ130 በ85 አልፏል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚባለውን ያሟላሉ። ቀጭን ሰውም ያገኘዋል። የስኳር መንገድ ነው፤ «ስኳር የለብኝም» ያሉት ለዛሬ እውነት ሊሆን ይችላል፣ በየዓመቱ መታየት ግን አለበት። በተለይ ሆድዎ አካባቢ ብቻ ወጣ ወጣ ካለ።

እኔን ከኮሌስትሮሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግፊቱ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ አንድ መስመር ነው የሰጡት፤ ከዚያ ተመልሰውበት አልመጡም። 148 በ92 አንዴ ተለክቶ «ግፊት አለብህ» አይባልም። ተለክቶ የሚተውም ቁጥር ግን አይደለም። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ። አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተደግፈው ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሁለት ጊዜ ያስለኩ። በሌላ ቀንም ይድገሙት። ከ140 በ90 በታች ካልወረደ ግፊቱም ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል። የኮሌስትሮል ክኒን እየዋጡ ግፊትን መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት መተው ነው።

ክኒኑ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ኮሌስትሮልን ከጀርባ ሆኖ የሚያንር ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቀዳሚው አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ፣ ነው። እንቅርት በደጋው አካባቢያችን ብርቅ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም መሰብሰብ ይሰንፋል። ሰውየው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። ደብረ ብርሃን ላይ «በረደኝ» ማለት ምልክት ለመሆን ይከብደዋል፤ ስለዚህ በደም ነው የሚታየው። ምርመራው ቲኤስኤች ይባላል። ታይሮይዱ ሲታከም ኮሌስትሮሉ ያለ ስታቲን የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ያልታከመ የታይሮይድ ማነስ እያለ ስታቲን መስጠት ደግሞ ጡንቻ የመጉዳት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ኩላሊት ነው፤ ፊትና እግር የሚያብጥ ከሆነ ሽንት ላይ ፕሮቲን ይታያል። ሦስተኛው ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ አራተኛው የሐሞት ቱቦ መዘጋት ነው። መድኃኒቶችም አሉ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን ከሱቅ የሚገዙ ሴቶች ይህን ይስሙ።

አረቄውን ለብቻው አነሳዋለሁ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ላይ የሚሠራው ሥራም እንዲሁ። ኤልዲኤልን ብዙ አይነካም። ትራይግሊሰራይድንና ግፊትን ግን አብሮ ይሰቅላል። የእርስዎ 265 ግማሹ እዚያ ሊሆን ይችላል። ለአራት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ትተው ይመርመሩና ይዩት። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ካለፈ ጉዳዩ የልብ ብቻ አይሆንም፤ ጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ስለ ወረቀቱ ሁለት ነገር ልበል። አንዳንድ ማሽን የሚያትመው በሚሊሞል ነው። እዚያ ላይ የእርስዎ 262 «6.8» ሆኖ ይወጣል። «ሌላ ቦታ ብመረመር 6 ብቻ ሆነ» ብሎ የደነቀው ሰው አጋጥሞኛል። የኮሌስትሮልን ሚሊሞል በ38.7 ማባዛት ነው። ሌላው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ የተሰላ እንጂ የተለካ አይደለም። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንሶ ይመጣል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ያ ስሌት አይሠራም። ያን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሳይበሉ ቆይቶ መድገም ነው። ለሌላው ሰው ባዶ ሆድ ግዴታ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ወባ ይዞት የተነሳ ወይም በተስቦ የከረመ ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን አይመርመር። በሕመም ጊዜ ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ በሐሰት ያጽናናል።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ተስፋም ገደብም አለ። ጥሩ የአመጋገብ ለውጥ ኤልዲኤልን ከ10 እስከ 15 በመቶ ያወርዳል። የእርስዎን 171 ወደ 150 አካባቢ ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግን አይበቃም።

ዋናው ጠላት የረጋ ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ገደማ የዚህ ዓይነት ስብ አለው። ኤልዲኤሉ ከፍ ላለ ሰው በቀን የሚመከረው 13 ግራም አካባቢ ነው። ሁለት ማንኪያ ላይ አለፈ ማለት ነው፤ ወጡ ላይ ያለው ሥጋ ገና ሳይቆጠር። የመንዝ በግ ላት ጣዕሙ አይካድም። እሱም ግን ያው የረጋ ስብ ነው፤ ለእንግዳ ቀን ይቆይ። ሥጋውን ራሱ ከነጭራሹ ተዉ አልልም። ቀዩን ለይቶ መብላት ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የጾሙን ወገን ነው። «እኔ ጿሚ ነኝ» ይላሉ፤ ጓዳ ውስጥ ግን የፓልም ዘይት ጄሪካን አለ። ከስቡ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጄሪካኑን ያንሱና ይዩት። ዘይቱ ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ እሳት ዳር ካልተቀመጠ አልወርድም ይላል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በዚያ ብርድም አይረጋም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሳምቡሳው በረጋው ዘይት ሲሠራ ጾሙ ለነፍስ ይሁን እንጂ ለደም ቧንቧ ብዙ አልጾሙም። ዋጋው እንደሚለያይ አውቃለሁ። ስለዚህ መጠኑን መቀነስ ይቀድማል፤ ከተቻለ ዓይነቱን መለወጥ።

ገብስ ግን የእኛ ሀብት ነው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያሟልጭ ቃጫ አለ። አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን 5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ይህም ከ60 እስከ 80 ግራም ያልተገፈፈ የገብስ ዱቄት ይሆናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ የገብስ እንጀራ ሁሉ ይቆጠራሉ። ገንፎም ይቆጠራል፤ ገብሱ የሚያወርደውን ግን መሃሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ መልሶ ይሰቅለዋል። ጠላ አይቆጠርም። ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ! ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ላይ ደግሞ በርቱ።

ተልባዎን አልቃወምም። በጥቂቱ ያወርዳል፤ ሆድም ያለሰልሳል። ነጭ ሽንኩርትም ጥቂት ይረዳል። ሎሚ ግን ስብ አያሟሟም። የሎሚ ጭማቂ ደም ሥር ውስጥ አይደርስም፤ ጨጓራዎን ግን በደንብ ይደርስበታል። እነዚህን ሁሉ ቢያደርጉ የ20 ሚሊግራሙን አንዲት ክኒን ግማሽ ሥራ አይሠሩም። ቡናን በተመለከተ፣ ያልተጣራ የተፈላ ቡና ኤልዲኤልን በትንሹ ያነሳል። የጀበና ቡናም ከዚያ ወገን ነው። በቀን አንድና ሁለት ስኒ ላይ ጠብ የለኝም።

አሁን አጎትዎ የተናገሩትን እንይ። «ጉበት ይጨርሳል» አሉ። ስታቲን ከሚወስዱ 100 ሰዎች አንዱ ያህል ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ሊል ይችላል። ሲቆም ወይም መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። እውነተኛ የጉበት መድከም እጅግ ብርቅ ነው። ጉበትን ከስታቲን ይልቅ ቅዳሜ ማታ የሚጠጡት ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ከመጀመርዎ በፊት ኤኤልቲ የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም አንዴ ይለኩ፤ ደህና ከሆነ በየወሩ መመላለስ አያስፈልግም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ወዲያው ያቁሙና ይታዩ።

የጡንቻ ሕመምም እውነት ነው፤ የተጋነነም ነው። ክኒኑንና ምንም የሌለበትን ባዶ ክኒን ሰው ሳያውቅ ሰጥተው ያወዳደሩ ትልልቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ስታቲን ላይ ካሉ ሰዎች የጡንቻ ሕመም ከ10ሩ 9ኙ የመጣው ከክኒኑ አልነበረም። ሁለቱም ጭኖችና ትከሻዎች አንድ ላይ ከታመሙ፣ ከወንበር መነሳት ከከበደ፣ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ብርቅ ነው፤ ኩላሊት ግን ያቆማል። ስኳርም በጥቂቱ ያነሳሳል። 255 ሰዎች ለ4 ዓመት ቢወስዱት አንድ ተጨማሪ ሰው ላይ ስኳር ይገኛል። ያን አንድ ሰው አልናቅሁትም። በምትኩ ግን የሚተርፉት ይበዛሉ።

«አይለቅህም» የሚለው ሱስ ይመስላል። ሱስ የለውም። ዛሬ ቢያቆሙት አይንቀጠቀጡም፣ አያልብዎትም። ረጅም ጊዜ የሚወሰደው ጉበትዎ የሚሠራውን ሥራ በየቀኑ ስለሚሠራ ነው። «ተፈጥሯዊ ነገር ይሻለኛል» ለሚሉም ልንገራቸው፦ የመጀመሪያውን ስታቲን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘው ከሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ሲምቫስታቲን የወሰዱት ሰዎች ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሲደመሩ፣ ኤልዲኤል በ39 በወረደ ቁጥር ሃርት አታክና ስትሮክ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የእርስዎ ኤልዲኤል በ51 ነበር የወረደው።

ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አንዱ ጨጓራ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብህ ተብሎ ክላሪትሮማይሲን ያለበት የ10 ወይም የ14 ቀን መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ብዙ ነው። ክላሪትሮማይሲን ስታቲንን ደም ውስጥ ያከማቸዋል። ሲምቫስታቲን ከሆነ ለእነዚያ ቀናት ይቆማል። አቶርቫስታቲንም ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ሐኪሙ ይወስን። ለፋርማሲ ባለሙያው ግን መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው። እርጉዝ ሴት ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ስታቲን አትጀምርም፤ እየወሰደች ከሆነም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ታቆማለች። ለሱባኤ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የምትሄዱ ደግሞ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ጸበሉን የሚከለክል መድኃኒት አይደለም።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ደግሞ የእርስዎን ቁጥር በራሳቸው ላይ እንዳይለጥፉ። ሃርት አታክ ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ኮሌስትሮሉ ስንትም ይሁን ስታቲን ይወስዳል፤ ያውም በከፍተኛ መጠን። ስኳር ያለበትና 40 ዓመት የሞላው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳል። በአንጻሩ የ32 ዓመት ሴት፣ ግፊት የሌላት፣ የማታጨስ፣ ቤተሰቧ ውስጥም ታሪክ የሌለ፣ ጠቅላላዋ 225 ቢሆን ክኒን አያስፈልጋትም። ብዙ ሰው ግን በዚያ ወረቀት ደንግጦ ፋርማሲ ገብቶ ይገዛል።

የእርስዎን እንጨርስ። አቶርቫስታቲን 20ን ይቀጥሉ። ከመቀጠልዎ በፊት ባለፈው ያዘዘልዎት ሐኪም ዘንድ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ይቅረቡ፤ ማቆምዎንም ይንገሩት። አይደብቁት፤ ከደበቁት «አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምርብዎታል። ቲኤስኤች፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ኤኤልቲና የሽንት ፕሮቲን ይታዩ። ታይሮይዱ ከቀነሰ እሱ ይቅደም። ግፊቱ በተለያየ ቀን ይደገም። ክኒኑን በየቀኑ ማታ ከወሰዱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ኤልዲኤሉ ይለካ፤ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑ ይጻፍ። እኔ ብሆን ከ100 በታች እንዲወርድ እፈልጋለሁ። ካልወረደ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየቀኑ ወስደዋል ወይ?» ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ 40 የሚኬደው። መጠኑን እጥፍ ማድረግ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚጨምር፣ ሐኪሙ ኢዜቲሚብ የሚባል ሌላ ክኒን ሊያክል ይችላል። ርካሹ ይሠራል ወይ ብለው አይጨነቁ። ስሙ አቶርቫስታቲን ከሆነና ከታወቀ ፋርማሲ ከተገዛ የካርቶኑ ቀለም ለውጥ የለውም። አረቄው ይቅር፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ምርመራ። በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይራመዱ።

ደረት መሃል የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከመጣ ግን ክኒንም ተልባም አይጠበቅም። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበም እንዲሁ። ሰዓቱን ይዞ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ከመሐል ሜዳም ይሁን ከዓለም ከተማ።

ወንድሞችዎና እህቶችዎ በዚህ ወር ይመርመሩ። የእርስዎ 171 ከፋሲካ ድግስ በኋላ የተለካ ስለሆነ በዘር የሚተላለፈውን ከባድ ዓይነት አላስጠረጠረኝም። ከእነሱ አንዱ ላይ ኤልዲኤል 190 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ዓይነት ከ250 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል። ተረከዝ ላይ ያለው ጅማት ወፍሮ ሊታይ ይችላል፤ የዓይን ቆብ ላይም ቢጫ ነገር ሊወጣ ይችላል። የዚያ ሰው ልጆችም ገና በልጅነታቸው ይመረመራሉ። 40 ዓመት እስኪሞላ አይጠበቅም፤ የሰንጠረዡም መቶኛ አይታይም።